ባዶ ጆንያ በመፈክር አይቆምም

«በራስህ ተማመን፤ ትችላለህ!» የምትለዋ ምክር ተማሪን ትጎዳለች ብንል ስንቶቻችሁ ትቆጡናላችሁ? ግድ የለም፣ ተቆጡ። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ተቆጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳይኮሎጂ ይማራል። መሐንዲስ ልሁን ብሎ የመጣውም፣ ሐኪም ልሁን ብላ የመጣችውም፣ እንደኛ ወደ ጋዜጠኝነት የሚሄደውም ያንኑ ሞጁል ይይዛል። ሞጁሉ ስለ ትውስታ፣ ስለ መርሳት፣ ስለ ፍሮይድና ስለ ማዝሎ ካወራ በኋላ «የሕይወት ክህሎት» ወደሚባለው ክፍል ይሻገራል። እዚያ ራስን ማወቅ አለ፣ ለራስ የሚሰጥ ግምት አለ፣ በራስ መተማመን አለ፣ ጭንቀትን መቋቋም አለ፣ ጊዜን በአግባቡ መጠቀም አለ። ሐሳቡን ያመጣው ሰው ይባረክ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤቱ ወጥቶ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር በአንድ ዶርም የሚያድር የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ «ለመሆኑ እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ቢጠይቅ አይደንቅም።

ታዲያ ትምህርቱ ምን ሆነ? ፈተና ሆነ! ተማሪው «ለራስ የሚሰጥ ግምት ማለት…» የሚለውን ትርጉም ሸመደደ፣ ከአራቱ ምርጫ አንዱን አከበበ፣ ወጣ። ስለ መርሳት የተማረውን ከአዳራሹ በር ላይ ረሳው። በዚያው ሌሊት የማትስ ሃንድአውቱን ለአምስተኛ ጊዜ በቢጫ ማርከር እያሰመረ «እኔ እኮ ደደብ ነኝ» ሲል ያድራል። ያ ጠዋት የተፈተነው ትምህርት ስለ እርሱ ስለ ራሱ እንደነበረ የነገረው ሰው የለም።

ክፍሉ ባዶ የተወውን ቦታ ደግሞ ሌላ ሞላው። አነቃቂ ንግግር፣ የግማሽ ቀን ሥልጠና፣ የቴሌግራም ጥቅስ፣ የአንድ ደቂቃ ቲክቶክ። ሙዚቃው ይከፈታል፣ «እጃችሁን ወደ ላይ!» ይባላል፣ «እኔ አሸናፊ ነኝ!» ተብሎ ሦስት ጊዜ ይጮሃል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሰርተፊኬት ይታደላል። ሰኞ ጠዋት ግን ሚድ አለ። ሚድ ደግሞ ጩኸት አይሰማም።

እኛ የሳይኮሎጂ ሊቃውንት አይደለንም። የተማርነው ጋዜጠኝነት ነው። ከዚያ ትምህርት የቀረልን አንድ ነገር ቢኖር ግን «ማን አለ? በምን ማስረጃ?» ብሎ መጠየቅ ነው። እስቲ ይህንኑ ጥያቄ ለዚችው ለተወደደችው ምክር እናቅርብላት።

ምክሯን እንደ መንግሥት ፖሊሲ አድርጋ የሞከረች አገር አለች። አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ። እ.ኤ.አ. በ1986 ጆን ቫስኮንሴሎስ በሚባል የምክር ቤት አባል ግፊት ግዛቲቱ «ለራስ የሚሰጥ ግምት»ን የሚያስፋፋ ግብረ ኃይል በሕግ አቋቋመች። ሰው ራሱን ቢወድ ወንጀሉም፣ ሱሱም፣ የትምህርት ውድቀቱም ይቀንሳል የሚል ተስፋ ነበር። ምሁራን ተሰባሰቡና ማስረጃውን መረመሩ። በ1989 የታተመው ጥራዛቸው ራሱ ግንኙነቱ ደካማ ሆኖ መገኘቱን አልሸሸገም። ቢሆንም ማን ሰምቶ! በ1990 የግብረ ኃይሉ ሪፖርት ወጣ፣ ወሬው ዓለምን ዞረ፣ ዞሮ ዞሮም እኛ ጋ ደረሰ።

በ2003 ሮይ ባውማይስተርና ሦስት ባልደረቦቹ የተጠራቀመውን ጥናት ሁሉ አገላብጠው አዩት። ያገኙትን በአጭሩ እንንገራችሁ። ጥሩ ውጤት ያለው ተማሪ ለራሱ ጥሩ ግምት አለው፤ እውነት ነው። ነገር ግን ግምቱ ውጤቱን አላመጣውም። በከፊል ውጤቱ ነው ግምቱን ያመጣው። ጋሪውን ከፈረሱ ፊት አስረነው ኖረናል ማለት ነው!

ይባስ የሚለው ደግሞ በ2007 መጣ። በመጀመሪያው ፈተና ዝቅተኛ ውጤት ያገኙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየሳምንቱ ኢሜይል ተላከላቸው። ለከፊሎቹ የተላከው የመለማመጃ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ለከፊሎቹ ከጥያቄው ጋር «ራስህን አክብር፣ አንገትህን ቀና አድርግ» የሚል መልእክት ተጨመረበት። ማበረታቻው የደረሳቸው ዲና ኤፍ የነበራቸው ልጆች በመጨረሻው ፈተና የባሰ ወረዱ። አጥኚዎቹ ራሳቸው ለጽሑፉ ያወጡለት ርዕስ ሙከራው በራሱ ላይ እንደ ዞረ ይናገራል። ለነገሩ አይገርምም። «እንደሆንክ ግሩም ነህ» የተባለ ልጅ ለምን ብሎ ሌሊት ይነሳል?

አሁን ደግሞ ወደ መጀመሪያው ሰው ወደ ዊልያም ጄምስ እንመለስ። በ1890 ባሳተመው መጽሐፉ ለራስ የሚሰጥን ግምት በክፍልፋይ አስቀምጦት ነበር። ከላይ የተሳካልህ፣ ከታች የተመኘኸው። ስሌቱን ለማሳደግ ሁለት መንገድ ብቻ አለ፤ ወይ ከላይ ያለውን ሥራ ታበዛለህ፣ ወይ ከታች ያለውን ምኞት ልክ ታስይዘዋለህ። «እኔ አሸናፊ ነኝ» ብሎ መጮህ በክፍልፋዩ ውስጥ ቦታ የለውም። የመቶ ሠላሳ ዓመት ዕድሜ ያለው ነገር ነው፤ ያውም ከሞጁሉ አባቶች ከአንዱ።

«እናንተ ደግሞ ጨለምተኞች ናችሁ፤ ታዲያ ተማሪው ምን ይሁን?» የምትሉን አላችሁ። መልካም። ከዚያው ከሳይኮሎጂው ውስጥ በዶርም፣ በላይብረሪና በካፌ የሚሠራውን እንምዘዝላችሁ።

አንደኛ፣ አልበርት ባንዱራ። በ1977 ያነሳው ነገር «እኔ ግሩም ነኝ» ከሚለው ይለያል። እርሱ የሚለው «ይህችን የተወሰነች ሥራ እችላታለሁ» የሚል እምነትን ነው። ይህ እምነት ከአራት ቦታ ይመጣል ይላል፦ ራስ ሠርቶ ከማየት፣ እንደ ራስ ያለ ሰው ሲሠራ ከማየት፣ ከሰው የማበረታቻ ቃል፣ ከሰውነት ስሜት። ከአራቱ ብርቱው የቱ ነው? ሠርቶ ማየት። የማበረታቻ ቃል ብቻውን ሲቆም አቅሙ ትንሽ ነው፤ የመጀመሪያው መጥፎ ውጤት ሲመጣ ይተናል። እንግዲህ ልብ በሉ! አዳራሽ ሞልቶ የሚቸበቸብልን ከሠርቶ ማየት የሚደክመው ነው።

ይህ ለተማሪ ምን ማለት ነው? ካልኩለስ ያስፈራሽ እንደሆነ «ካልኩለስን አልፈራም» እያልሽ በመስታወት ፊት አትቁሚ። ከዎርክሺቱ ቀላሏን ጥያቄ ምረጪና ዛሬ ማታ ፍቺ። ነገ ሁለተኛዋን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን ባንዱራን አላነበቡም። ሰቃዩን ልጅም «እንዴት አድርገህ ነው የሰቀልከው?» ብለሽ ከማድነቅ፣ አምና ካንቺ ጋር እኩል ዋርኒንግ አፋፍ ላይ ቆሞ የነበረውንና ዘንድሮ የተሻለውን ልጅ ፈልጊ። የሚጠቅምሽ እንዳንቺ ያለ ሰው ሲወጣ ማየት ነው።

ሁለተኛ፣ የቢጫው ማርከር ጉዳይ። ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2006 ያሳተሙት ሙከራ አለ። አንዱ ቡድን አንድን ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው በአንደኛው ክፍለ ጊዜ አንብቦ በቀሪዎቹ ሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግሞ ያነበበው በለጠ፤ 83 በመቶ ለ71። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ። ያነበበው 40 በመቶ ሲያስታውስ ራሱን የፈተነው 61 በመቶ አስታወሰ። የሚያስቀው ገና አልመጣም። «ከሳምንት በኋላ ምን ያህል ታስታውሳላችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ በራሳቸው የተማመኑት እነማን መሰሏችሁ? ደጋግመው ያነበቡት!

ይህችን አንድ ሙከራ ብቻ በዶርም ግድግዳ ላይ ብንለጥፋት ብዙ ልጅ ትተርፋለች። ሃንድአውቱን አምስት ጊዜ ያነበበው ልጅ በራስ መተማመን ሞልቶት ገብቶ ወድቆ ይወጣል። ከዚያ «ሁሉን አንብቤ ወደቅሁ፤ እንግዲህ ጭንቅላቴ ነው» ይላል። ጭንቅላቱ አይደለም፤ መንገዱ ነው። ሃንድአውቱን ገልብጦ በባዶ ወረቀት ላይ መጻፍ ነበረበት። ሲጽፍ አለማወቁን ያያል፣ ያፍራል፣ በራስ መተማመኑም ለጊዜው ይቀንሳል። ይቀንስ! ያ መቀነስ ነው ትምህርት የሚባለው።

ሦስተኛ፣ «ስንተኛ ወጣህ?» በዚህ አገር ልጅ ሆኖ ይህን ያልተጠየቀ ማን ነው? ጎረቤት ይጠይቃል፣ አጎት ይጠይቃል፣ የሱቁ ባለቤት ይጠይቃል። ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «አንደኛ» የሚባል ስም ይዞ ያድጋል፤ ስሙ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ዶርሙ ውስጥ ስድስት አንደኞች ያገኛል፣ ክፍሉ ውስጥ ሃምሳ። የመጀመሪያው ሚድ ሲመለስ ሠላሳኛ ነው። ምን ተለወጠ? ዕውቀቱ አልቀነሰም። የተለወጡት በዙሪያው ያሉት ናቸው። ኸርበርት ማርሽ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲያጠናው የኖረው ይህንን ነው። እኩል ችሎታ ካላቸው ተማሪዎች መካከል በጎበዞች መሐል የተቀመጠው ራሱን ዝቅ አድርጎ ያያል። ለዚህ ልጅ የሚያስፈልገው «አንተ ልዩ ነህ» የሚል ንግግር አይደለም። መጀመሪያውንም ያታለለው «ልዩ ነህ» መባሉ ነው። የሚያስፈልገው ከሌላው ጋር መለካቱን ትቶ በመስከረም ያልገባውን ነገር በጥር ቢገባው የሚያይበት ደብተር ነው።

አራተኛ፣ ሰው። ቻርልስ ሆርተን ኩሊ በ1902 ሰው ራሱን የሚያየው በሌሎች ዓይን መስታወትነት ነው ብሎ ጻፈ። ሌሎች እንዴት እንደሚያዩን እንገምታለን፣ ምን እንደሚፈርዱብን እንገምታለን፣ ከዚያ ወይ እንኮራለን ወይ እናፍራለን። ይህን ሁሉ ሐተታ እኛ በአንድ ቃል እንለዋለን፦ ይሉኝታ። ምን ይሉኛል! ይሉኝታ ያለበት ተማሪ ክፍል ውስጥ ያልገባውን አይጠይቅም። ያልገባው መሆኑን ሌሎቹ እንዳያዩበት ዝም ይላል፤ ሌሎቹም እንደዚያው ዝም ብለዋል። ስልሳ ሰው ሳይገባው «ገባችሁ?» ሲባል «አዎ!» ይላል። መምህሩ ይሄዳል። ስልሳውም ወደየዶርማቸው ገብተው «እኔ ብቻ ነኝ ያልገባኝ» ብለው ያዝናሉ። ከዚህ የበለጠ የሳይኮሎጂ ላቦራቶሪ የት ይገኛል?

መድኃኒቱም ያው ሰው ነው። ግሬግ ዋልተንና ጄፍሪ ኮኸን በ2011 ያሳተሙት ጥናት አለ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የገቡ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሲኒየሮቹ የሰጡትን ቃል አነበቡ። መልእክቱ ቀላል ነው፦ «መጀመሪያ ላይ እኔም እዚህ ቦታ የለኝም ብዬ ነበር፤ ሁሉም እንዲህ ይሰማዋል፤ ከጊዜ ጋር ያልፋል።» ከዚያ ተማሪዎቹ ያንኑ በራሳቸው ቃል ለሚቀጥለው ባች ጻፉ። ሥራው አንድ ሰዓት ያህል ነው የፈጀው። በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ጥቁር ተማሪዎች ከነጮቹ ጋር የነበራቸው የውጤት ልዩነት በግማሽ ጠበበ።

«አሃ! ይኸው ቃል ሠራ አይደል!» እንዳትሉን ቆዩ። በ2023 ይኸው ሐሳብ በ22 የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት፣ ከ26 ሺህ በላይ በሆኑ ተማሪዎች ላይ ተሞከረ። ጠቀመ፤ ነገር ግን የጠቀመው ተቋሙ እውነትም ለእነዚያ ተማሪዎች ቦታ ባለው ስፍራ ብቻ ነው። «ቦታ አለህ» የተባለው ልጅ ዞር ብሎ ሲያይ ቦታ ከሌለው ቃሉ አየር ሆኖ ይቀራል።

የኛም ጠብ እዚህ ላይ ነው። «ሁሉም ነገር ያለው አንተ ውስጥ ነው» የሚለው ስብከት ለማን እንደሚመች አስቡት። መጽሐፍ ላላዳረሰ ይመቻል። ቢሮው ተቆልፎ ለሚውል መምህር ይመቻል። ስልሳ ተማሪ አጭቆ አንድ ሃንድአውት ላሳለፈ ክፍል ይመቻል። ተማሪው ሲወድቅ ጥፋቱ ውስጡ ነዋ! ያላመነው እርሱ፣ ያልጮኸው እርሱ።

ቁጥሩን እንይ። የ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና የወሰዱት 845,188 ነበሩ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267፤ ማለትም 3.2 በመቶ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 3.3 ነበር፣ በ2016 5.4 ሆነ፣ በ2017 8.4። እንግዲህ በ2015 ከግማሽ በታች ያመጡት 817,921 ልጆች ሁሉ በራሳቸው ሳይተማመኑ ቀርተው ነው? በዚያው ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድም! በራስ መተማመን በትምህርት ቤት ደረጃ ተሰብስቦ ይጠፋል እንዴ? እነዚህን ልጆች ሰብስቦ «ራሳችሁን እመኑ» ማለት ውኃ ላልደረሰው ሰፈር የመዋኛ ልብስ ማደል ነው።

ከዚህ ሁሉ ቀጥሎ የመጣው ነው የሚያሳዝነን። ልጁ ቁጥሩን ተቀብሎ ስሙ አደረገው። «እኔ የወደቅሁ ነኝ» ይላል፤ «ፈተናው ላይ ወደቅሁ» አይልም። በእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው የሳይኮሎጂው ትምህርት በሙሉ። አንደኛው ሰውን ይጨርሳል፣ ሁለተኛው ነገ የሚሠራ ሥራ ይተዋል። ይህን ልዩነት ያላስተማረ የሳይኮሎጂ ኮርስ ምኑን አስተማረ?

አንድ ነገር ግን ጠርቶ ይውጣ። ሳምንታት ሙሉ እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ የዘጋው፣ መኖር ያስጠላው ልጅ ካለ እርሱን የሚመለከተው የእነርሱም መፈክር የእኛም ትችት አይደለም። እርሱ ባለሙያ ይፈልጋል። ብቻውን አትተዉት፤ እጁን ይዛችሁ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት። «በርታ፣ ወንድ ልጅ አይደለህ እንዴ!» ማለት እዚያ ላይ ወንጀል ነው።

ለቀራችሁት ግን የምንለው አጭር ነው።

ለመምህራኖቻችን፦ የሳይኮሎጂውን ኮርስ ከወረቀት አውጡት። ስለ ትውስታ ስታስተምሩ ተማሪው የራሱን ሃንድአውት ገልብጦ ይጻፍና ያሳያችሁ። ስለ ራስ ግምት ስታስተምሩ ከትርጉሙ ይልቅ የመጀመሪያው ሚድ ሲመለስ ምን ብሎ ለራሱ እንደነገረ ይጻፍ። «ገባችሁ?» አትበሉ፤ «እስቲ ያልገባችሁን አንድ ነገር በቁራጭ ወረቀት ስም ሳትጽፉ ስጡኝ» በሉ። ሥልሳ ወረቀት ሲመጣ ይሉኝታ ምን ያህል እንደምታስከፍል ታያላችሁ።

ለአነቃቂዎቻችን፦ ጉሮሯችሁን አሳርፉ። ተማሪ መርዳት ከፈለጋችሁ አንድ ቅዳሜ መጥታችሁ ዎርክሺት አብራችሁ ሥሩ። ባንዱራ ከአራቱ ብርቱ ያለው እርሱን ነው። ፎቶውንም ከሠራችሁ በኋላ እንነሳለን።

ለአባቶችና ለእናቶች፦ «ስንተኛ ወጣህ?»ን ለአንድ ዓመት አሳርፏት። በምትኩ «ዘንድሮ ምን የማታውቀውን አወቅህ?» በሉ። መጀመሪያ ልጁ ግራ ይገባዋል፤ ይለምደዋል።

ለአንተና ለአንቺ ለተማሪዎቹ፦ ራሳችሁን መውደድ ወይም አለመውደድ ዛሬ ማታ አያስጨንቃችሁ። ሦስት ጓደኛ ሰብስቡ፣ ያልገባችሁን በየተራ ተናገሩ፣ አንዷን ጥያቄ ፍቱ፣ ደብተሩን ከድናችሁ በባዶ ወረቀት ድገሟት። በራስ መተማመን ራሷ ትመጣለች፤ ማንም ሳይጠራት፣ ሙዚቃም ሳይከፈትላት። ባዶ ጆንያ አይቆምም ይላል ያገራችን ሰው። የሚያቆመው ግን «ቁም!» መባሉ አይደለም፤ እህሉ ነው።